የሰማያዊው ድመት ድምፅ፦ ኦያማ ኖቡዮ በዶራኤሞን ያሳለፈቻቸው 26 ዓመታት

በኖቬምበር 22 ቀን 2004 የጃፓኑ ቲቪ አሳሂ አንድ ዜና ይፋ አደረገ። «ዶራኤሞን» በተባለው የልጆች የካርቱን ተከታታይ የአምስቱን ዋና ገጸ-ባሕርያት ድምፅ የሚሠሩት ተዋንያን በመጪው ጸደይ አምስቱም በአንድ ላይ ይሰናበታሉ ይላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) አምስቱም ሥራውን የጀመሩት በ1979 ነበር። የሰማያዊውን ድመት፣ የዶራኤሞንን ድምፅ የምትሠራው ኦያማ ኖቡዮ በዚያ ቀን 71 ዓመቷ ነው። በ1979 ልጅ ሆኖ ያዳመጣት ሰው አሁን የራሱን ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ያዳምጣታል፤ ስለዚህ ዜናው ቤት ለቤት ነው የተወራው።

ጃፓኖች የድምፅ ተዋናይን ሴይዩ ይሉታል። ከሴይዩዎች ብዙዎቹ በሥራ ዘመናቸው በመቶ የሚቆጠሩ ገጸ-ባሕርያትን ይሠራሉ። ኦያማ ግን ከሥራ ዕድሜዋ ግማሽ ያህሉን የሰጠችው ለአንድ ድመት ነው። ከዚህ ጉዳይ የሚጠናው ድምፅዋ ማማሩ አይደለም፤ ድምፅዋ በተለመደው መለኪያ አያምርም። የሚጠናው ያ ድምፅ እንዴት ገጸ-ባሕርይ እንደሆነ፣ በስቱዲዮ ውስጥ ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንዳስከፈላትና ከእሷ ወደ ሌላ ሰው እንዴት እንደተላለፈ ነው።

ጎርናናዋ ልጅ

ኦያማ የተወለደችው በኦክቶበር 16 ቀን 1933 ቶኪዮ፣ ሺቡያ ውስጥ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ድምፅዋ ወፍራምና ጎርናና ነበር። የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስትጀምር ክፍል ውስጥ አፏን በከፈተች ቁጥር ይሳቅባት ነበር። እየሸሸች መናገር ተወች። እናቷ ያደረጉት ነገር በኋላ ኦያማ ራሷ ደጋግማ የተናገረችው ነው፤ ደካማ ነው ብለሽ የሸሸግሽው ነገር ይበልጥ እየደከመ ይሄዳል፣ ይልቅ ሥራ ስጪው ብለው መከሯት። ልጅቷም የትምህርት ቤቱን የሬዲዮ ክበብ ተቀላቀለች። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ከድምፅ ማጉያው ሲወጣ የሚስቁት ልጆች ራሳቸው ማዳመጥ ነበረባቸው።

ቀጥሎ ሀይዩዛ በተባለው የቴአትር ቡድን ማሠልጠኛ ገባች። ይህ ጉዳዩን ለመረዳት ወሳኝ ነው። በዚያ ዘመን የድምፅ ትወና ለብቻው የሚማሩት ሙያ አልነበረም፤ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚጠሩት የመድረክ ተዋንያንን ነበር። ኦያማ በ1956 በቴሌቪዥን ድራማ ታየች፤ በ1957 ደግሞ «ላሲ» ከተባለው የአሜሪካ የውሻ ተከታታይ የጃፓንኛ ቅጂ ጋር ወደ ድምፅ ሥራ ገባች። በዚያን ጊዜ የውጭ ፊልም ድምፅ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ስርጭት ላይ ነበር የሚሠራው፤ ምስሉ እየሄደ፣ ተዋናዩ በጆሮ ማዳመጫው የእንግሊዝኛውን እየሰማ፣ ጃፓንኛውን በዚያው ቅጽበት ለአገር ያሰማል። የተሳሳተ ቃል መመለሻ የለውም።

ሴቶች የወንድ ልጅ ድምፅ መሥራታቸው የተለመደ የሆነው ከእንዲህ ያለው አሠራር የተነሳ ነው። እውነተኛ ሕፃን በቀጥታ ስርጭት ላይ መስመሩን ሊስት ይችላል፤ ማታ ማሠራት ሕጉ ይገድባል፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ድምፁ ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ተከታታዩ ገና መሐል ላይ ነው። የሴት ድምፅ ግን ሃያ ዓመት ይቆያል። (በእኛ አገር ቴአትር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ዘመን ተስፋዬ ሳህሉ፣ በኋላ የልጆች ሁሉ «አባባ ተስፋዬ» የሆኑት፣ መድረክ ላይ ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር።)

ከ1960 እስከ 1967 በጃፓን የሕዝብ ቴሌቪዥን በኤንኤችኬ በታየው «ቡ ፉ ዉ» በተባለው የሦስት አሳማዎች የልጆች ዝግጅት የታላቁን፣ የነጭናጫውን የቡን ድምፅ ሠራች፤ የትንሹን የዉን ድምፅ የምትሠራው ኩሮያናጊ ቴትሱኮ ነበረች፤ በኋላ ከጃፓን ታዋቂ የቴሌቪዥን አቅራቢዎች አንዷ የሆነችው። በኦክቶበር 1969 «ሳዛኤ-ሳን» የተባለው የቤተሰብ ካርቱን ተከታታይ ሲጀመር የተንኮለኛው ልጅ የካትሱኦ የመጀመሪያ ድምፅ ኦያማ ነበረች፤ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይታ ለታካሃሺ ካዙኤ ለቀቀች። በ1977 ደግሞ «ዛምቦት 3» በተባለው የሮቦት ተከታታይ ካፔይ የተባለውን ጦረኛ ልጅ ሠራች። ይህ የመጨረሻው በደንብ ሊታወስ ይገባዋል፤ ልጆች የሚያዩት ሆኖ ሞትና ስደት የሞላበት፣ አጨራረሱም የጨለመ ሥራ ነው። የዶራኤሞንን ልስላሴ ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይ ኦያማ ስትጮህ ቢሰማ ያው ጉሮሮ መሆኑን ይጠራጠራል።

ሦስተኛው ድምፅ

ዶራኤሞን ከ22ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ፣ ጆሮ የሌለው የድመት ሮቦት ነው። ኖቢታ የተባለ ሰነፍ ተማሪን ለመርዳት ከሆዱ ኪስ የወደፊቱን ዘመን ዕቃ እያወጣ ይሰጠዋል። ሥዕላዊ ታሪኩን የፈጠረው ፉጂኮ ኤፍ ፉጂዮ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ሂሮሺ ፉጂሞቶ ነው።

ኦያማ የመጀመሪያዋ ድምፅ አይደለችም። በ1973 ኒፖን ቴሌቪዥን ላይ ለግማሽ ዓመት የታየ ሌላ ቅጂ ነበር። ያኔ ዶራኤሞንን በመጀመሪያ የሠራው ቶሚታ ኮሴይ የተባለ ወንድ ተዋናይ ነው፤ መሐል ላይ ተቀይሮ ኖዛዋ ማሳኮ ገባች፤ በኋላ በ«ድራገን ቦል» የጎኩ ድምፅ ሆና የምትታወቀው። ቶሚታ ድመቱን እንደ አጎት አደረገው፤ ጥሩ ተዋናይ ነበር፤ ግን አጎት ያለበት ቤት ውስጥ ኖቢታ ጓደኛ አያገኝም። ገጸ-ባሕርዩ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ፦ የዶራኤሞን ቁመት 129.3 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ክብደቱም፣ ፍጥነቱም በዚያው ቁጥር ተሰፍሯል። ቁጥሩ የተወሰደው በጊዜው ከነበረው የአራተኛ ክፍል ተማሪ አማካይ ቁመት ነው፤ ድመቱ ልጁን ከላይ ወደ ታች እንዳያየው። ድምፁም በዚያው ቁመት ላይ መቆም ነበረበት፤ አባት ያልሆነ፣ ሕፃንም ያልሆነ። ወፍራም ግን የልጅ ለዛ ያለው የሴት ድምፅ እዚህ ክፍተት ውስጥ ልክ ገባ።

አዲሱ ተከታታይ በኤፕሪል 2 ቀን 1979 በቲቪ አሳሂ ተጀመረ። አዘጋጁ ሺን-ኤይ አኒሜሽን፣ የድምፅ ዳይሬክተሩ ኡራካሚ ያሱኦ ነበሩ። ኖቢታን ኦሃራ ኖሪኮ፣ ከጓደኞቹ ሺዙካን ኖሙራ ሚቺኮ፣ ሱኔኦን ኪሞትሱኪ ካኔታ፣ ጉልበተኛውን ጃያንን ታቴካቤ ካዙያ ሠሩ። ፉጂሞቶ ኦያማን ከሰማ በኋላ «ለካ ዶራኤሞን ድምፁ እንዲህ ነበር» ዓይነት ነገር እንዳላት ኦያማ እስከ መጨረሻው ስትተርከው ኖራለች። ደራሲው በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ያልሰማውን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ማለት ነው።

የማይናገራቸው ቃላት

ብዙ ሰው የኦያማን ስኬት ለጎርናናው ድምፅ ይሰጠዋል። እኛ አንስማማም። ድምፁ በር ከፈተ፤ ሥራውን የሠራው የቃላት ውሳኔ ነው።

ሥራው ሲሰጣት መጽሐፎቹን አንብባ አንድ ጥያቄ አነሳች፦ ይህ ሮቦት የተሠራው ለምንድን ነው? ልጅ ለመጠበቅ። ልጅ ጠባቂ አድርጎ የሠራው ፋብሪካ ስድብና ሻካራ ቃል ይጭንበታል? አይጭንም። ስለዚህ ዶራኤሞን ሊቆጣ፣ ሊያለቅስ፣ ሊደነግጥ ይችላል፤ አይሳደብም። ጽሑፉ ላይ ሻካራ አነጋገር ሲመጣ ኦያማ ወደ ለስላሳው ትቀይረው ነበር። «ቦኩ ዶራኤሞን ደሱ» የሚለው የታወቀ ሰላምታ ከዚህ አስተሳሰብ የመጣ የእሷ ጭማሪ ነው።

ይህ ሰላምታ ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራሪያ ይፈልጋል። አማርኛ ለራስ አንድ «እኔ» ብቻ ነው ያለው፤ አክብሮትና ቅርበት የሚታየው «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ላይ ነው። ጃፓንኛ ግን «እኔ»ን ራሱን ይከፋፍላል። «ኦሬ» የሚል ወንድ ደረቱን ነፍቶ ነው፤ ጃያን የሚለው እሱን ነው። «ቦኩ» የጨዋ ወንድ ልጅ «እኔ» ናት። መጨረሻ ላይ የምትገባው «ደሱ» ደግሞ ለማያውቁት ሰው የምትሰጥ የትሕትና ማሰሪያ ናት። ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ግን ሮቦቱ ልጅ መሆኑን፣ ባለጌ አለመሆኑንና ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠውን ሕፃን እንደ እንግዳ አክብሮ ማናገሩን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም መጀመሪያ የሚጠፋው ይሄ ነው፤ በአረብኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ ያደመጠው ልጅ ቀልዱን አገኘ እንጂ ትሕትናውን አላገኘም።

ሁለተኛው ውሳኔ ዕቃ ሲወጣ ነው። ዶራኤሞን ከኪሱ እጁን ሲያወጣ የዕቃውን ስም ጎትቶ፣ ዜማ አስይዞ ይጠራል፤ «ታኬኮፕታ» የራስ ላይ ማብረሪያው፣ «ዶኮዴሞ ዶአ» ወደፈለጉበት የሚያደርሰው በር። መጎተቱ ለማሳመር ብቻ አይደለም። ምስሉ እጁ ወደ ላይ ተዘርግቶ ለጥቂት ሰከንድ ይቆያል፤ ያንን ባዶ ጊዜ ድምፅ መሙላት አለበት። የዕቃው ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጁ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀው ፈጠራ ቃል ነው፤ ፈጥኖ ከተነገረ ያመልጠዋል፣ ካመለጠው ደግሞ የቀረው ታሪክ አይገባውም። ስለዚህ ስሙ ዝግ ብሎ፣ እያንዳንዱ ፊደል እየተሰማ ይወጣል፤ ወዲያው በኋላ ያለው ማብራሪያ ግን በተለመደው ፍጥነት ይሄዳል። አዲስ የልጆች ገጸ-ባሕርይ የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉንም መስመር ያዘግማሉ፤ ሁሉም ሲዘገይ ልጁ የትኛው ቃል አዲስ እንደሆነ አያውቅም።

ክፍሉ ውስጥ

የጃፓን የቴሌቪዥን ካርቱን ድምፅ የሚቀዳው በአፍሬኮ ነው፤ ምስሉ አስቀድሞ ይሠራል፣ ድምፁ ይከተላል። ተዋንያኑ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ። ፊት ለፊት ምስል ማሳያው፣ ከሥሩ በተለምዶ ሦስት ወይም አራት ማይክሮፎን ይቆማል። አሥር ሰው ለአራት ማይክሮፎን ማለት ነው። የራሱን መስመር የጨረሰ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ተረኛው ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። ማን ከየትኛው ማይክሮፎን ገብቶ በየት እንደሚወጣ በሙከራው ጊዜ ካልተስማሙ በዋናው ቀረጻ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ።

ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች የተጻፈ ነው፤ የገጹ የላይኛው ክፍል የምስሉን ሁኔታ፣ የታችኛው ንግግሩን ይይዛል። ሲገለጥ ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ ጥጉን ቀድሞ ማላቀቅ፣ ከማይክሮፎኑ ዘወር አድርጎ መግለጥ ያስፈልጋል። ናይለን ጃኬት፣ የእጅ አምባር፣ ሳንቲም ያለበት ኪስ ክልክል ነው። ባዶ ሆድም እንዲሁ ክልክል ቢሆን ይሻላል፤ ጥሩ ማይክሮፎን የሆድ ጩኸትን ከመስመሩ እኩል ይቀዳል።

ሂደቱ ሙከራ፣ የመጨረሻ ሙከራ፣ ዋና ቀረጻ፣ ከዚያ የተበላሸውን መልሶ መያዝ ነው። የግማሽ ሰዓት ዝግጅት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ጩኸት፣ ኃይለኛ ሳቅና ለቅሶ ጉሮሮ ስለሚሻክሩ ጥሩ ዳይሬክተር ለመጨረሻ ያቆያቸዋል። ዶራኤሞን በአይጥ ሲደነግጥ የሚያወጣው ጩኸት መጀመሪያ ከተቀዳ፣ የሚቀጥለው ለስላሳ ምክር ሻካራ ሆኖ ይወጣል።

የከንፈር እንቅስቃሴ ሌላው ጣጣ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ይሄዳል፤ የቴሌቪዥን ካርቱን ግን አንዱን ሥዕል ለሦስት ፍሬም እየያዘ በሰከንድ 8 ሥዕል ያህል ብቻ ይጠቀማል፤ አፉም የተዘጋ፣ ገርበብ ያለና የተከፈተ እያለ በሦስት ቅርጽ ይመላለሳል። ስለዚህ ፊደል ከከንፈር ጋር ማዛመድ አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው በትክክለኛው ቅጽበት መጀመርና መጨረስ ነው። የዶራኤሞን አፍ ከፊቱ ግማሽ ያህሉን ይወስዳል፤ ድምፁ ከአፉ መዘጋት በኋላ ግማሽ ሰከንድ ቢተርፍ ሕፃን ያየዋል። ምስሉ ሳይጠናቀቅ ሲቀር ደግሞ ተዋናዩ የሚያየው ተራ የመስመር ንድፍ ወይም የገጸ-ባሕርዩን ስም ብቻ ነው፤ ስሙ ስክሪኑ ላይ እስካለ ድረስ ይናገራል፣ ሲጠፋ ያቆማል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ሁሉ በጥድፊያ ነበር። ተከታታዩ ሲጀመር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ 10 ደቂቃ ይታይ ነበር፤ እሁድ ጠዋት ደግሞ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት ነበረው። በኦክቶበር 1981 በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሲረጋ ነው የሰው ኑሮ የሚመስል ነገር የመጣው። በዚያ ላይ ከማርች 1980 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ረጅም ፊልም ተጨመረ።

ክፍያው

ሕዝቡ ኦያማ ሀብታም ናት ብሎ ያስብ ነበር። የጃፓን የድምፅ ተዋንያን ክፍያ ግን በዝና የሚሄድ አይደለም። የደረጃ ሥርዓት አለው፤ ጀማሪው ለ30 ደቂቃ ዝግጅት 15 ሺህ የን ያገኛል፤ ከፍተኛው ደረጃ 45 ሺህ የን ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉት ጥቂቶች በድርድር ነው የሚሠሩት። አንድ መስመር የተናገረውም መቶ መስመር የተናገረውም በደረጃው ያው ነው የሚከፈለው። ከዚህ ላይ ወኪል ድርጅቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቆርጣል። ይህም ቢሆን በትግል የመጣ ነው፤ በ1973 የድምፅ ተዋንያኑ ሰልፍ ወጥተው፣ ለ24 ሰዓት ሥራ አቁመው ነው ክፍያቸውን ከሦስት እጥፍ በላይ ያሳደጉት።

ደረጃው አንድ ያልተጠበቀ ነገር ያመጣል፦ ከፍ ያለ ተዋናይ ውድ ስለሆነ ለትንሽ ሚና አይጠራም። ኦያማ ላይ ደግሞ ሌላ ተደረበበት። ከ1979 በኋላ በሌላ ካርቱን ውስጥ ድምፅዋ እምብዛም አልተሰማም። የትም ብትናገር ልጁ «ዶራኤሞን!» ይላል፤ ያ ሌላው ገጸ-ባሕርይ ደግሞ ሌባ ወይም ዋሾ ከሆነ ዶራኤሞን ዋሸ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው አስተማማኝ፣ በሩ ግን አንድ ብቻ ሆነ። ኦያማ ሌላ ገቢዋን ከጉሮሮዋ ውጭ ፈለገች፤ የመጠጥ ማባያ ምግቦች አሠራር ላይ የጻፈችው መጽሐፍ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። (በትርፍ ጊዜዋ «አርካኖይድ» በተባለው የጡብ መስበሪያ የቪዲዮ ጨዋታ ጎበዝ ተጫዋች በመሆንም ትታወቅ ነበር። ከሥራው ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ግን መተው አልቻልንም።)

ርክክቡ

በ2001 ኦያማ የትልቁ አንጀት መጨረሻ ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና አደረገች። ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሰች፤ ግን ጥያቄው ከዚያ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ነበር። በ2004 የአምስቱም ተዋንያን ዕድሜ ከ65 አልፎ ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «ሳዛኤ-ሳን» የሄደበት ነው፤ አንድ ሰው ሲደክም እሱ ብቻ ይተካል፣ የቀሩት ይቀጥላሉ። ካትሱኦ ከኦያማ ወደ ታካሃሺ፣ በ1998 ታካሃሺ ስትታመም ደግሞ ወደ ቶሚናጋ ሚና የተላለፈው እንዲህ ነው። ጥቅሙ ለተመልካቹ ድንጋጤው ትንሽ መሆኑ ነው። ጉዳቱ አዲሱ ሰው ከነባሮቹ መሐል ገብቶ የቀድሞውን ከመምሰል ሌላ ምርጫ የሌለው መሆኑ ነው፤ አራቱ የድሮ ድምፆች በየደቂቃው ከአምስተኛው ጋር ያነጻጽሩታል።

ቲቪ አሳሂ የመረጠው ሁለተኛውን ነው፤ አምስቱንም፣ ከነሥዕሉና ከነሙዚቃው። የኦያማ የመጨረሻ መደበኛ ዝግጅት በማርች 18 ቀን 2005 ታየ። ተተኪዎቹ ከዚያ አምስት ቀን ቀድሞ፣ በማርች 13፣ ተዋውቀው ነበር። አዲሱ ተከታታይ በኤፕሪል 15 ጀመረ፤ አራት ሳምንት ልዩነት። ከ1980 ጀምሮ በየዓመቱ ሲወጣ የኖረው ረጅም ፊልምም በ2005 አልወጣም፤ በ2006 የተመለሰው የመጀመሪያውን ፊልም ታሪክ እንደ አዲስ ሠርቶ ነው። ይህ ዝምታ ጠቅሟል። ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዱን ድምፅ ከሌላው ጋር ካነጻጸረ ይጣላል፤ ወር ከቆየ፣ ሥዕሉም ከተቀየረ፣ ሌላ ዝግጅት ነው የሚያየው።

ተተኪዋ ሚዙታ ዋሳቢ የ30 ዓመት ሴት ነበረች። ጃያንን የወሰደው ኪሙራ ሱባሩ ደግሞ የ14 ዓመት ተማሪ፤ የ70 ዓመት ሰው የሠራውን ጉልበተኛ ልጅ እውነተኛ ልጅ ተረከበው። ሚዙታ ኦያማን አልመሰለችም። ድምፅዋ ቀጭንና ብሩህ ነው፤ የእሷ ዶራኤሞን ይበልጥ ይቀብጣል፣ ይበልጥ ይደናገራል፣ ወደ መጀመሪያው ሥዕላዊ መጽሐፍ ድመት ይጠጋል። አዋቂዎች ተቆጡ፤ «ይሄ ዶራኤሞን አይደለም» የሚለው ቅሬታ ለዓመታት ቆየ። የተቆጡት ግን ዝግጅቱ የተሠራላቸው ሰዎች አልነበሩም። በ2005 አራት ዓመቱ የሆነ ሕፃን የሚያነጻጽረው ነገር የለውም። ውሳኔው ለአምስቱ ነባሮች ጨካኝ ነበር፤ ለሚዙታ ግን ብቸኛው ደግ መንገድ እሱ ይመስለናል፤ ድምፁን ብትኮርጅ ኖሮ ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ ሰው ጥላ ሆና ትቀር ነበር።

ነጭና ጥቁሩ ድብ

ኦያማ በ2007 የድምፅ ሙያ የሚያስተምር ተቋም ርዕሰ መምህር ሆነች። በ2008 የአንጎል ደም ስር መዘጋት አጋጠማት፤ አገገመች። በ2010 ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ሥራ መጣ፤ «ዳንጋንሮንፓ» በተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ሞኖኩማ የተባለ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነ ድብ። ድቡ ተማሪዎችን ትምህርት ቤት ውስጥ ቆልፎ እርስ በርስ እንዲገዳደሉ ያዛል፤ ይህን ሁሉ የሚናገረው በዚያው በሚያውቁት ሞቅ ያለ ጎርናና ድምፅ ነው።

ለሃያ ስድስት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችውን እምነት በአንድ ጊዜ ያፈረሰች ይመስላል። ግን ጨዋታው የሕፃናት አይደለም፤ የሚጫወቱት ያደጉት ልጆች ናቸው። አዘጋጆቹ ያተረፉትም ከዚያው ነው፤ ያንን ድምፅ የሰማ ወጣት ደህና ነኝ ብሎ ትከሻው ይላላል፣ ቃሉ ሲገባው ይሰቀጥጠዋል። ሌላ ተዋናይ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይህን ሊያደርገው አይችልም፤ ትወናው ላይ የተጨመረው የተመልካቹ የልጅነት ትዝታ ነውና። ኦያማ የዶራኤሞን ድምፅ ሆና ብትቀጥል ደግሞ ይህን ሚና ጨርሶ አትቀበለውም ነበር።

በ2012 የአልዛይመር የመርሳት ሕመም እንዳለባት ታወቀ። ከጨዋታው የተሠራው የቴሌቪዥን ካርቱን ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር 2013 ሲታይ ግን ሞኖኩማ አሁንም እሷ ነበረች። ባለቤቷ ተዋናይ ሳጋዋ ኬይሱኬ በሜይ 2015 በሬዲዮ ቀርቦ ሕመሟን እስኪናገር ድረስ ሕዝቡ አላወቀም። በ2016 የተከተለው ካርቱን ላይ ሞኖኩማን ታራኮ የተባለችው ተዋናይት ተረከበች። ሳጋዋ በ2017፣ ከሚያስታምማት ሚስቱ ቀድሞ፣ አረፈ።

ከመጀመሪያዎቹ አምስት ታቴካቤ በ2015፣ ኪሞትሱኪ በ2016 አርፈዋል። በ2024 ደግሞ በማርች ታራኮ፣ በጁላይ የኖቢታዋ ኦሃራ፣ በሴፕቴምበር 29 ኦያማ በ90 ዓመቷ ሄዱ። የኦያማ ዜና ለሕዝብ የተነገረው ኦክቶበር 11 ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ዝግጅቱ ግን ከ2019 ጀምሮ ወደ ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ተዛውሯል። ሚዙታ ዶራኤሞንን መሥራት ከጀመረች በኤፕሪል 2025 ሃያ ዓመት ሞላት፤ የኦያማን ሃያ ስድስት የምትደርስበት ከቀጠለች በ2031 ነው።